ከፋሻው ሥር

ወይዘሮ ንግሥት የሞተችው ጠበል ሄዳለች ተብሎ በተወራበት ሰሞን ነው። ባሏም፣ ጎረቤቶቿም፣ የማኅበር ጓደኞቿም፣ የነፍስ አባቷም ሳይቀሩ ደብረ ሊባኖስ ናት ብለው ተቀምጠዋል። እሷ ግን ከጉለሌ ንቅንቅ አላለችም። ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ በከበባት አንዲት የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ ሁለት ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች።

ጊዜው ሐምሌ 1962 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለዋለ ጩኸት ቢኖር እንኳ የሚሰማ አልነበረም። ደግሞም የጮኸ ሰው የለም።

ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሴት የዓይን ሥር ጥቁረትን በቅቤ፣ በእንቁላልና በጸሎት ነበር የምትታገለው። በቢላ ይወገዳል ብሎ ከጣሊያን አገር የመጣው ዶክተር የሺጥላ ነው። የዓይኑን ቆብ ከሥሩ ቀደድ አድርጎ፣ ያበጠውን አውጥቶ መልሶ ይሰፋዋል። ታዲያ ደንበኞቹ ሁሉ በድብቅ ነው የሚመጡት። ውበቷን ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከሐኪም እንዳገኘች እንዲታወቅባት የምትፈልግ ወይዘሮ የለችማ!

የፖሊሱ ሻምበል ጉታ ከላንድሮቨሩ ወርዶ በጭቃው ውስጥ እየተንደፋደፈ ወደ ክሊኒኩ ገባ። አንደኛው ጫማው ውኃ ያስገባል። ክረምት በመጣ ቁጥር አሰፋዋለሁ ይላል፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ይረሳዋል። በነፍሰ ገዳይ ላይ ግን እንዲህ ያለ መርሳት አያውቅም። በረንዳው ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማ ጠበቀችው።

«ሻምበል እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እሌኒ እባላለሁ። የሞተችው እናቴ ናት።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ዶክተሩ ነርሷ መድኃኒት አብዝታባት ነው ይላል። ነርሷ አላበዛሁም ብላ ታለቅሳለች። አባቴ ሁላችሁንም እገድላለሁ ይላል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴን ማን እንደገደለብኝ ማወቅ። ሲደርሱበት ለእኔ ይንገሩኝ። ልጅ ናት፣ ትጎዳለች ብለው እንዳይደብቁኝ። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር ከእኔ ይደበቃል።»

«ልጄ፣ አንዳንድ ነገር አንዴ ከተሰማ መልሶ አይደበቅም።»

«ይሁን። ቃል ይግቡልኝ።»

ገባላት። ሲመሽ በዚህ ቃሉ እንደሚጸጸት ያን ጊዜ አላወቀም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። በሯ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ መስኮቷ በረንዳውን ያያል። ነርሷ አዲሳለም ዓይኗ በልቅሶ ቀልቶ በሩ ሥር ቆማለች። ዶክተሩ ከኋላዋ ነው፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገብቷል።

«ስትተዪያቸው እንዴት ነበሩ?» ሲል ጉታ ነርሷን ጠየቃት።

«ደህና ነበሩ፤ ይናገሩ ነበር። ሁለት ትራስ ደራርቤ ራሳቸውን ከፍ አደረግሁላቸው። ከጉልበታቸው ሥርም ትራስ አስገባሁ። ዓይኑን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው በጀርባው ልጥፍ ብሎ አይተኛም፤ ፊቱ ያብጣል።»

«አሁን ግን ልጥፍ ብለዋል።»

«እኔ አይደለሁም ያስተኛኋቸው! እንዲህ ሆነው ነው ያገኘኋቸው።»

እውነትም ከሟቿ ራስ ሥር አንድ ትራስ ብቻ ነው ያለው። ሌሎቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። እግሮቿ ገጥመው ቀጥ ብለዋል፤ እጆቿ በጎንና በጎኗ ተዘርግተዋል። ከአልጋው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ጠርሙስ ቆሟል።

«ይሄስ?»

«የእንቅልፍ ሽሮፕ ነው። ማታ አንድ ማንኪያ ልሰጣቸው ነበር። ሙሉ ነበር ሻምበል፤ በእግዚአብሔር እላለሁ ሙሉ ነበር! ከዚያ ዶክተር መሣሪያ ቀቅዪ አለኝና ኦፕራሲዮን ክፍል ገባሁ። ስመለስ…»

«በማንኪያ ፋንታ በኩባያ ሰጥታቸዋለች» አለ ዶክተሩ። «ይኼ የታወቀ ስህተት ነው። ሲደክማቸው ያደርጉታል።»

አዲሳለም ዞር ብላ አየችው። ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ አብራው የሠራች ሴት ናት። ውጭ አገር የተማረ ወንድም እንዳላት ሁሉ በየዘመዱ ቤት ስሙን ስታነሣ ኖራለች። አሁን ያየችው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እንባዋም ባንድ ጊዜ ቆመ።

ጉታ ጠርሙሱን አሸተተና የጠብታ ያህል ምላሱን አስነካው። ፊቱ ተጨማደደ። «እንዲህ የሚመር ነገር አንድ ጠርሙስ ሙሉ ማን ይጠጣል?» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ትራሱ ጎንበስ አለ። የትራሱ ጨርቅ ላይ የደረቀ ጠብታ አለ፤ ጥቃቅን ጉንዳኖች መስመር ሠርተው እሱን ይጎበኛሉ። ጣቱን አሳረፈበት፤ ያጣብቃል። ማር ነው።

«ምግብ ተሰጥቷቸዋል?»

«እስከ ማታ ከውኃ በቀር ምንም አይቀምሱም ብዬ ነበር» አለ ዶክተሩ።

«ፋሻውን ማን አሰረው?»

«እኔ ራሴ፤ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ። ጫፉን ሁልጊዜ የቀኝ ጆሮ ግንድ ላይ በፕላስተር ነው የማጣብቀው።»

ፕላስተሩ የለም። ፋሻው ማጅራቷ ላይ እንደ ሻሽ ተቋጥሯል። ጉታ ፈታውና ገለጥ አደረገው። ዓይኖቿ በደንብ ተከድነዋል። ከሽፋሽፍቷ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ በጥቁር የሐር ክር የተሰፋ ቁስል አለ። ከዚያ ወደ እግሯ ሄደ። አንሶላውን ገልጦ ብዙ ቆየ። በሁለቱም አውራ ጣቶቿ ዙሪያ ቀጭን የክር ምልክት አለ፤ ቀለበት ወልቆ የሚተወውን የሚመስል።

«እግራቸውን አስራችሁ ነበር?»

«ለምን ብለን?» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ጉታ አንሶላውን መልሶ አለበሳት። በዓይኗ ሥር ጥላ የለም፤ ዶክተሩ ሥራውን ያውቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለችው ነው፤ ለፊቷ ብላ ነፍሷን ጣለች።

ዶክተሩን ቢሮው ውስጥ ለብቻው አነጋገረው። ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው። ጉታ በየትም ቢዞር የራሱን ጭቃማ ጫማ ያያል።

«አንድ ነገር ያስረዱኝ ዶክተር። የዓይን ሥር ለምንድን ነው የሚጠቁረው?»

ዶክተሩ ስለ ሙያው ሲጠየቅ ፍርሃቱ ቀለል አለው። «ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የዕድሜ ነው። ቆዳው ይላላል፣ ከሥሩ ያለው ስብ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ጥላ ይጥላል። ሰው ጥላውን አይቶ ጠቆረች ይላል። የወይዘሮዋ እንዲህ ነበር፤ ስቡ ሲወጣ ጥላው ይጠፋል። ሌላው ግን ከቆዳው ከራሱ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል። እሱን ቢላ አይነካውም።»

«የልጅቷንም ሊሠሩ ነበር አሉ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ፊቷን አየሁ፤ እናትየዋ ደግሞ ለራሷ ዓይን ብቻ የምትጨነቅ ሴት አልመሰለችኝም።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ነበራት» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። «ልጅቷ እንኳ አልፈለገችም። እናቷ ናት ያስጨነቀችኝ።»

«የልጅቷ ጥቁረት የትኛው ዓይነት ነው?»

«ሁለተኛው።»

«ቢላ የማይነካው?»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ይሞከር አሉኝ። እኔም… እሺ አልኩ።»

የሟቿ ባል ባላምባራስ በድሉ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ዘበኛው ሾዴ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁን ግን ካፖርታቸውን እንደገና ለመያዝ እንደተዘጋጀ ሰው አድርጎ ነው የቆመው።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉሃል ይሄ ነው!» አሉ ባላምባራስ። «ስንቅ አሰንቄ፣ ጉንጯን ስሜ፣ ለእኔም ጸልዪልኝ ብዬ የሸኘኋት ሴት! ዛሬ ከደብረ ሊባኖስ የተመለሰ ወዳጄን ሰላም ብላህ ይሆን ስለው ዓይኗንም አላየሁ አለኝ። ሾፌሬን ሳፋጥጠው እዚህ እንዳወረዳት ተናዘዘ።»

«ገብተው አነጋገሯት?»

«ይሄ ዘበኛ መች ያስገባኛል! በመስኮት ነው ያየኋት። ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ዘርግታ… ጠራኋት። ዝም አለችኝ። ናቀችኝ አልኩ። ሰደብኳት ሻምበል። ሬሳዋን ነው የሰደብኩት።» ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሾዴ፣ ካጠገባቸው ተለይተሃል?»

«አንድ እርምጃ አልተለየሁም ጌታዬ። ካፖርታቸውን ይዤ ነበር። ከበሩ ጀምሮ ሲጮኹ እኔም ጮህኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

ጉታ ሊወጣ ሲል መለስ አለ። «ባላምባራስ፣ እሌኒ ስትወለድ እዚህ ነበሩ?»

«ኦጋዴን ዘብ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ልጄ ስትድህ አገኘኋት። ምን አገናኘው?»

«እንዲያው ነው የጠየቅሁት።»

ከጓሮ ባለችው ማድ ቤት አንዲት ሴት ጉልበቷን አቅፋ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ቡርቱካን ትባላለች። እናቷ የንግሥት ሞግዚት ስለነበሩ ሁለቱ ልጆች ከአንድ ጡት ነው የጠቡት። አንዷ እመቤት፣ አንዷ ቤት ጠባቂ ሆነው አብረው አደጉ፤ አብረውም አረጁ። ወደ ክሊኒኩ አስታማሚ ሆና የመጣችው እሷ ናት። የዓይኗ ሥር ከሰል የተነካ ይመስላል፤ ጉታ የልቅሶ ነው ብሎ አለፈው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሷም ከአንጀቷ ስታለቅስ እንደዋለች ያስታውቃል።

«እግዜር ያጥናዎ ወይዘሮ ቡርቱካን። እህትዎ ነበረች አሉኝ።»

«የጡት እህቴ ናት። ከዚያ በላይ ምን አለ?»

«ከኦፕራሲዮን ከወጣች በኋላ አግኝተዋታል?»

«ዓይኔ አላያትም። ነርሷ ሰው አይግባ አለች። እኔ እዚሁ አጥሚት ላይ ነበርኩ። ማታ ትቀምሰዋለች ብዬ…»

ጉታ የድስቱን ክዳን አነሣ። አጥሚቱ ቀዝቅዞ ላዩ ረግቷል። በጭልፋ ጫፍ ቀመሰው። «ማር የለውም እንዴ?»

«አልቆ ነው።»

«ይህን ሁሉ መከራ ምን አሳያት? ባሏ መልክሽ ተበላሸ ብሏት ነው?»

«ኧረ ባላምባራስ አይሉም። ለእሌኒ ሠርግ ነው። ጥር ላይ ትዳራለች። የሙሽራዋ እናት አምራ ፎቶ እንድትነሣ ነዋ!» ቡርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «አይ የሰው ነገር! እንደ ጆንያ አፍ በጥቁር ክር ተሰፍታ አፈር ልትገባ?»

ጉታ ጭልፋውን በቀስታ አስቀመጠው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም።

በኮሪደሩ ሲመለስ እሌኒ ከእናቷ ክፍል ውጭ ቆማ አገኛት። በሩ ክፍት ነው፤ ግን ደፉን አላለፈችም።

«አትገቢም?»

«ሬሳ አይቼ አላውቅም። አያቴ የሞቱ ጊዜ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ከተቀበሩ በኋላ ነው የነገሩኝ። እንዴት እንደሚነካ እንኳ…» አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ብላ «ደረሱበት?» አለችው።

የኮሪደሩ አምፖል ፊቷ ላይ ወድቋል። ሌላው ፊቷ የጠራ ነው። ከዓይኖቿ ሥር ግን ከሰል የተነካ የሚመስል ጥቁረት አለ። አላለቀሰችም፤ ልቅሶ ያመጣው አይደለም።

«ይሄን የዓይንሽን ሥር ልታሠሪው ነበር?»

«እማዬ ናት የፈለገችው። እኔ እወደዋለሁ። የአባትሽ እናት እንዲህ ነበሩ ትለኛለች።»

ጉታ በሥራ ዘመኑ ብዙ ክፉ ነገር አይቷል። እንደዚያች ደቂቃ ግን የገዛ ብልጠቱን ጠልቶት አያውቅም። ልጅቷ እናቷን ማን እንደገደለባት ልታውቅ ትፈልጋለች፤ እሱም ያውቃል፤ ከነገራት ግን የምታጣው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

«እሌኒ፣ ለሌሎቹ ስናገር አንቺ እዚህ ብትቆዪ ምን ይመስልሻል?»

«ቃል ገብተውልኛል።»

«ገብቻለሁ» አለ ጉታ። «እሺ፣ ሁሉንም ጥሪልኝ።»

እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ባላምባራስ ወንበር ላይ፣ ዶክተሩ መስኮቱ ጋ፣ አዲሳለም ከሁሉም ርቃ፣ ሾዴ በሩ ላይ። ቡርቱካን ወንበር ሲሰጧት እምቢ ብላ መሬት ተቀመጠች፤ እሌኒ አጠገቧ ቆመች። ዝናቡ ቆሞ ከጣሪያው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል።

«በነርሷ እጀምራለሁ» አለ ጉታ። «ሽሮፑ እንደ ሬት ይመራል። የታመመ ሰው አንድ ማንኪያ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። ወይዘሮ ንግሥት ግን ጠርሙሱን ሙሉ ጠጥታለች፤ አልታገለችም፤ ትራሷ ላይ የነጠበው አንዲት ጠብታ ብቻ ነው። ጠብታዋ ደግሞ የማር ነው። በብርዝ ተበጥብጦ ነው የተሰጣት። እስከ ማታ ከውኃ በቀር አትቀምሺ ተብላ ሳለ ነርሷ ብርዝ ብታመጣላት አትጠረጥርም?»

«ዓይኗ ታስሯል እኮ» አለ ዶክተሩ። «ማን እንደሰጣት አታይም።»

«አዎ፣ አታይም። ስለዚህ በድምፁና በእጁ የምታውቀው ሰው ነው። መረረኝ ስትለው ጠጪ ቢላት የምትጠጣለት ሰው።» ጉታ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ቀጥሎ እርስዎ። እርስዎም ሆኑ አዲሳለም ብትገድሏት ኖሮ በትተኛበት ትተዋት ነበር። ኦፕራሲዮን ገደላት ቢባል፣ መድኃኒት በዛባት ቢባል፣ ጣት ወደ እናንተ እንደሚቀሰር ታውቃላችሁ፤ አንዲት ትራስ አታነቃንቁም። ይሄ ሰው ግን ትራሶቹን አወጣ። እግሯን ገጠመ። እጇን ዘረጋ። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በክር አሰረ። ፋሻውን ፈቶ ዓይኗን ከደነ፤ መልሶም እንደ ሻሽ ቋጠረው።»

አዲሳለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ግንዘት ነው!» አለች።

«ግንዘት ነው። የገደላት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነፍሷ ስትወጣ ጠብቋል። ከዚያ ሳትደርቅ ገነዛት። ጠላት ገድሎ ይሮጣል እንጂ አይገንዝም። ክሩንም ያወለቀው ባላምባራስ በር ላይ ሲጮኹ ሰምቶ ነው፤ ምልክቱ ግን ቀረ።»

ባላምባራስ ተነሡ። «እኔን ነው የምትለው?»

«እርስዎ ሲያዩዋት ተገንዛለች፤ ሾዴም ካፖርትዎን አለቀቀም። እሌኒ ሬሳ ነክታ አታውቅም፤ እንዴት እንደሚገነዝ የት ታየዋለች?»

ሁሉም ወደ መሬት ማየት ፈርተዋል።

«ወይዘሮ ቡርቱካን» አለ ጉታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከኦፕራሲዮን ከወጣች በኋላ ዓይኔ አላያትም አሉኝ። ግን በጥቁር ክር እንደ ጆንያ አፍ መሰፋቷን ነገሩኝ። ዶክተሩ እዚያው ውስጥ ነው የሸፈናት። ከዶክተሩና ከነርሷ በቀር ከፋሻው ሥር ያለውን ክር ቀለም የሚያውቅ፣ ፋሻውን የፈታ ሰው ብቻ ነው።»

«ውሸት ነው» አለች እሌኒ። «እትዬ ቡርቱካን እናቴን? ያሳደገችኝ እኮ እሷ ናት! ለምን ብላ? ንገሪው እንጂ እትዬ!»

ጉታ ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸው፤ አንዷ መሬት፣ አንዷ ቆማ። ይህን ያለመናገር ዕድል ቢኖረው ይወድ ነበር።

«ዶክተሩ እንዳለኝ ሁለት ዓይነት ጥቁረት አለ። የሟቿ የዕድሜ ነበር። የአንቺ ከእናት የሚወረሰው ነው፤ ከሟቿ ግን አልወረስሽውም። ባላምባራስም ኦጋዴን ሳሉ ነው የተወለድሽው።» ዓይኖቿን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ። «የእትዬ ቡርቱካንን ፊት ተመልከቺው ልጄ።»

እሌኒ ተመለከተች። ባላምባራስም ተመለከቱ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ ያዩት ፊት ነው።

«ማርያምን፣ አልነግራትም ብዬ ነበር» አለች ቡርቱካን በመጨረሻ። «የአንድ ወታደር ልጅ ናት። ኮርያ ዘምቶ ቀረ። ንግሥት መካን ነበረች፤ ባላምባራስ ወራሽ ካጣሁ ሌላ አገባለሁ ብለዋታል። ሁለታችን ሱሉልታ ወረድን። እኔ ወለድኩ፤ እሷ ታቅፋ ተመለሰች። ከመዳሯ በፊት እውነቱን እነግራታለሁ ብላ በመድኃኔ ዓለም ምላልኝ ነበር። ያቺን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እማ ትለኛለች ብዬ የሽንት ጨርቋን አጠብኩ፣ ጸጉሯን ሠራሁ፣ እትዬ ስትለኝ አቤት አልኩ።»

«ዛሬ ምን ተፈጠረ?»

«ነርሷ ስትወጣ ቀስ ብዬ ገባሁ። ብርዝ አምጪልኝ አለች፤ አመጣሁላት። እጄን ይዛ እየደባበሰች፣ እየሳቀች… 'ቡርቱካን፣ እኔ ስድን የእሌኒን ዓይን እናሠራለን፤ ከዚያ ማንም አይጠረጥርም' አለችኝ። 'አንቺም ከሠርጉ በፊት ሱሉልታ ብትሄጂ ይሻላል፤ ፊትሽን ከፊቷ አጠገብ የሚያይ ሰው ይበዛል' አለችኝ። ምላልኝ የነበረውን አነሣሁባት። 'ምን ማድረግሽ ነው፤ ለልጅቷ አታዝኚም?' አለች።» ቡርቱካን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «ከእኔ ያላት እኮ ያ ጥቁረት ብቻ ነው! እሱንም ልታስፍቀው! ሁለተኛውን ብርዝ ስበጠብጥ ሽሮፑን ጨመርኩበት። መረረኝ አለች። የኦፕራሲዮኑ ነው አልኳት። ከእኔ እጅ ስለሆነ ጠጣችው።»

«ገድለሽ ደግሞ ገነዝሻት!» አሉ ባላምባራስ።

ቡርቱካን በመገረም አየቻቸው። «እህቴ አይደለችም እንዴ? ማን ይገንዛት?»

ባላምባራስ ወንበሩ ላይ መልሰው ተቀመጡ። ሚስታቸው፣ ልጃቸው፣ የኦጋዴን ናፍቆታቸው፣ ስትድህ ያገኟት ቀን፣ ሁሉም ባንድ አፍታ ከእጃቸው ወጥቷል። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «አዲሳለም፣ እኔ እንኳ…» ብሎ ጀመረ። እሷ ነጭ ካፖርቷን አውልቃ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣለችውና ሳትሰናበተው ወጣች።

ሾዴ ቡርቱካንን ደግፎ አነሣት። እሌኒ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንቺን ብዬ ነው» አለቻት። «አንዴ ብቻ…»

«ምን ልበልሽ?» አለች እሌኒ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «እናቴን የገደለችብኝን ሴት እማ ልበል? እሷም ዋሸችኝ፣ አንቺም ዋሸሽኝ። ሁለታችሁም ለእኔ ስትሉ ነው አይደል? እኔን ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

ጉታ የቡርቱካንን ክንድ ያዘና በጭቃው መካከል ወደ ላንድሮቨሩ ወሰዳት። ከኋላ አስቀመጣት፤ እሱም ከፊት ገባ። ሾፌሩ ሞተሩን ሊያስነሣ ቁልፉን ያዘ።

ያን ጊዜ ከክሊኒኩ ውስጥ፣ ሟቿ ካለችበት ክፍል፣ ጩኸት ተሰማ። እሌኒ ደፉን አልፋ ገብታለች።

«እማዬ! እማዬ! እማዬ!»

ከኋላ ወንበር ቡርቱካን ሳታስበው ቀና አለች። «ወዬ» አለች፤ ከጉሮሮዋ ባልወጣ ድምፅ።

ጉታ ሰማት። ዞር ብሎ ሊያያት አልደፈረም። የሾፌሩን ትከሻ ነካ አድርጎ «ንዳው» አለው።